ጋቢ የተገለበጠበት ጠዋት

ከላሆር ወጣ ባለችው መንደር በየማሳው የሚቃጠለው የሩዝ ገለባ ጭስ የመስጊዱን ጫፍ ውጦት ነበር። ኢማሙ ዝናብ ወርዶ አየሩን እንዲያጥብ ለምነው፣ «ሁኔታችንን ገልብጥልን» ሲሉ እንደ ዝናብ ሶላቱ ወግ ጋቢያቸውን ገለበጡ፤ ገበሬዎቹም እንዲሁ አደረጉ። ትንፋሽ አጥሯት ያደረችውን የልጅ ልጁን እያሰበ ገበሬው ቡታም የራሱን ጋቢ ሲገለብጥ፣ ከእጥፋቱ ክብሪት ዱብ አለ። ከሶላቱ በኋላ የሩዝ ገለባውን ሊያቃጥልበት ነበር የያዘው።

«ጋሽ ቡታ፣ ዝናቡ ከመጣ እኮ ይረጥብብሃል» አለ ጎረቤቱ በሹክሹክታ።

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«ያ ገለባው ሳይነድ በላዩ የሚዘራው ማሽንህ ዛሬ ሥራ አለው?» አለ ቡታ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ።

«እስከ ቀትር ነው። ከዚያ ያንተ።»

«እንግዲያው አሚን ልበል» አለ ቡታ፤ እጆቹንም እንደ ሌሎቹ ወደ ሰማይ ዘረጋ።