ነጥብ ያልተለጠፈበት እጅ

እትዬ ነጥብ በስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የበራውን የእጅ ራጅ ገና እንዳየችው አወቀችው። ቀኝ እጅ ነው፤ የቀለበት ጣቱ ላይ ቀጭን ቀለበት ነጭ ሆኖ ያበራል። ራጁን ባነሳችበት ዕለት በሳሙናም በቅባትም ታግላ አልወልቅ ያላት ቀለበት ነው። “ተይው እትዬ፣ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ወልቆ አያውቅም” ብላ የእጁ ባለቤት ስቃ ነበር።

“ቁጥር አሥራ ዘጠኝ” አለ እንቅልፍ ማጣት ራጅ አንባቢውን ሐኪም እንዴት እንደሚያሳስት የሚያጠናው ወጣት ሐኪም። “ይህን ራጅ ያነበበው ተረኛ ሐኪም በዋዜማው የተኛው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ነው ያመሸው። ‘ደህና ነው’ ብሎ ጻፈ። ስብራቱ ግን እዚህ ጋ አለ።” የጠቋሚው ብርሃን ከአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ትንሽ አጥንት ዞራት። ፀጉር የምታክል መስመር ነበረች።

የተሰበሰቡት ሐኪሞች ሳቅ አሉ። አንዱ ጎኑ የተቀመጠውን በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ሁለቱም ስልካቸውን ደፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

እትዬ ነጥብ ሃያ ስድስት ዓመት ራጅ ስታነሳ፣ ስብራት የጠረጠረችበት ፊልም ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ መለጠፍ ልማዷ ነው። ማንበቡ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የእሷ ነጥብ ‘እዚህ ጋ ደግመህ እይ’ ከማለት አታልፍም። ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ጥናቱ ሲጀመር ግን ለስድስት ሳምንት ምንም ነጥብ እንዳትለጥፍ ደብዳቤ ደረሳት። ነጥብ እየመራው ካነበበ፣ እንቅልፍ ያጣው ሐኪም ምን እንደሳተ አይለይም ተባለ። “አይዞሽ እትዬ፣ ሁሉንም በኋላ አንጋፋው ስፔሻሊስት ያየዋል” ብሏት ነበር ይኸው ወጣት። አመነችው። ስለዚህ ይህን እጅ ባነሳችበት ዕለት ጣቷ ጫፍ ላይ የነበረችውን ነጥብ ደብተሯ ውስጥ፣ ከሴትየዋ ስምና ስልክ ቁጥር ጎን ለጠፈቻት፤ የሌሎቹንም እንዲሁ።

“ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ” አለች ከኋላ ወንበር ተነስታ። “ስፔሻሊስቱ ይህን መቼ አዩት?”

“ሁለት ወር ሊሞላው ነው።”

“ለሴትየዋስ መቼ ተነገራት?”

“ለየትኛዋ ሴትዮ?”

“ለእጁ ባለቤት።”

ወጣቱ የክፍሉን ኃላፊ አየ፤ ኃላፊው ብዕሩን አየ። “እትዬ፣ ጥናቱ ውስጥ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው” አለ ወጣቱ በትሕትና። “የታካሚ ምስጢር ስለሆነ ስሙ ተቆልፎ ይቀመጣል። ውጤቱ ሲታተም ይከፈትና ያኔ...”

“እስከዚያ አጥንቷ ይጠብቃችኋል?”

ያቺ ትንሽ አጥንት ቶሎ በጄሶ ካልታሰረች ደም አጥታ አጥንቷ እንደምትሞት እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰባት ስብራት አመለጠ ብለው በቀለም ያሸበረቀ ሠንጠረዥ ሠርተዋል፤ ሰባት ሰው ብሎ ያሰበ ግን የለም። ሐኪሙ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስልኩን ስንቴ እንደነካ በደቂቃ ተጽፏል፤ ሴትየዋ በዚያ እጅ ምን እንደምትሠራ የጠየቀ የለም። እትዬ ነጥብ ጠይቃት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ደግሞ የራሷ ነገር ነው። ደብዳቤ አክብራ፣ ነጥቧን ደብተር ውስጥ ቀብራ፣ ሁለት ወር ሙሉ ለጥ ብላ ተኝታለች።

“አንተ እኮ ክፉ ልጅ አይደለህም” አለችው ወጣቱን፤ ዶክተር ማለቱን ትታዋለች። “ተረኛው ሐኪምስ እንቅልፍ አዳፍቶት ነው ያላየው። አንተ ነቅተህ እያየህ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?”

“ይሄን ከስብሰባው በኋላ ቢሮዬ ብንነጋገርበት...” አለ ኃላፊው።

አልጠበቀችም። ከጋዋኗ ኪስ ደብተሯን አውጥታ ደወለች። ክፍሉ እጅግ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የሴትየዋ ድምፅ ለሁሉም ተሰማ።

“ከራጅ ክፍል ነው፣ እህቴ። ያ ቀለበትሽ ያስቸገረኝ ሴትዮ ነኝ። እጅሽ እንዴት ሆነ?” አለች እትዬ ነጥብ።

“ውይ እትዬ፣ ደህና ነው ብላችሁኝ የለ እንዴ?” ሴትየዋ ሳቀች። “ትንሽ ይጠዘጥዘኛል እንጂ። መቀስ ሲይዝ ይከዳኛል፤ አሁን በግራዬ መቁረጥ እየለመድኩ ነው። የሰው ልብስ አበላሽቼ ተወቅሻለሁ። ሐኪም ደህና ነው ካለ ስንፍናዬ ነው ብዬ ነው።”

“ስንፍና አይደለም። አጥንትሽ ተሰብሯል። አሁኑኑ ነይ፣ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።”

“መቼ ነው ያወቃችሁት?” አለች ሴትየዋ።

እትዬ ነጥብ ወጣቱን አየችው። አንገቱን ደፍቷል።

“ራጅ ያነሳሁሽ ዕለት” አለቻት።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ከደብተሯ ላይ ነጥቧን በጥፍሯ አላቀቀች። ሌሎቹ ስድስት ነጥቦች ከነታካሚዎቹ ስም የተደረደሩበትን ገጽ ከፍታ ደብተሩን ወጣቱ ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ፣ የእጁ ብርሃን ጋዋኗ ላይ እየወደቀ፣ ነጥቧን ከአውራ ጣቱ ሥር ለጠፈች። ማስቲሹ ደርቋል፤ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘቻት።

ወጣቱ እጁን ዘርግቶ ፕሮጀክተሩን አጠፋው። የራጁ እጅም ቀለበቱም ጠፉ። ባዶው ነጭ ግድግዳ ላይ ቀይዋ ነጥብ ብቻዋን ቀረች።