ማክሰኞ ያልወደቀው ሰርቨር

የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠው ሰርቨር ሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ወደቀ። ረቡዕም ወደቀ፤ ሐሙስም። ከትኬት መስኮቶቹ ፊት የተጀመረው ወረፋ ግቢውን ዞሮ በሩ ደረሰ።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊው ደብዳቤ ይዞ ወደ ኮምፒውተር ባለሙያዋ መጣ።

«የትኬቱን ፕሮግራም የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ሜሞሪውን እየበላ የሚጥለው እሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ ፈርሚና በሰላም ልቀቂ።»

ባለሙያዋን ባልደረቦቿ «እምቢኝ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ራሱ ኃላፊው ነው።

«አልፈርምም፣ ጋሼ!»

ዓይኗን ከስክሪኗ አልነቀለችም። ሰኞ ሥራ እንደገባች የሠራችው ትንሽ የመጠየቂያ ፕሮግራም ከስክሪኑ ጥግ ሆኖ ሰርቨሩን በየሰከንዱ «አለህ?» ይለዋል፤ «አለሁ» ባለ ቁጥር አረንጓዴ ይበራል።

«የትኬት ፕሮግራሜ የያዘው ሜሞሪ ንቅንቅ አላለም። ያበጠው ከርነሉ ነው፤ የሲስተሙ እምብርት። የሆነ ሰው ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት፣ በር በሉት፣ ከፍቶ ይገባል፣ ሳይዘጋ ይሄዳል። እምብርቱ ለእያንዳንዱ ክፍት በር ትንሽ ሜሞሪ ይይዛል። እያለ እያለ ያልቅበታል።»

«ታዲያ ማክሰኞ፣ አንቺ ታመሽ የቀረሽ ቀን፣ ለምን አልወደቀም?»

«እሰይ፣ እንኳን ጠየቁኝ! እኔ ባልኖርም ፕሮግራሜ ሲሠራ ነው የዋለው። ስለዚህ እሱ ነጻ ነው። ማክሰኞ ሌላ ማን አልነበረም?»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ፣ ማክሰኞ የቀረውን መላጣ ባልደረባቸውን አየ። መላጣው የኃላፊው ሚስት ወንድም ነው፤ ከተቀጠረ ወር አልሞላውም።

«እናቴን ሐኪም ቤት ወስጄ...» ብሎ ተንተባተበ።

«በዘመድ የገባ በር መዝጋት አያውቅም» አለች እምቢኝ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

የኃላፊው ደም ሥር ተገተረ። «የማንም ይሁን! ከማን ኮምፒውተር እንደመጣ ይታይ፤ ባለቤቱ ይፈርማል፤ ይሄዳል።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው!»

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሳይዘጉ የቀሩትን ግንኙነቶች ዘረዘረች። ከአሥር ሺህ በላይ ናቸው፤ ሁሉም ከአንድ የኮምፒውተር አድራሻ። አድራሻውን በቃሉ የሚያውቅ የለም፤ በየኮምፒውተሩ ጀርባ ተለጥፏል። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ለመላጣው ሰጠችው።

«አንተው ፈልግ። ከራስህ ጀምር።»

የራሱን አየ። አይደለም። የኃላፊውን አየ፤ አለፈ። ሦስት ጠረጴዛዎች አለፈ።

የቆመው ከእምቢኝ ኮምፒውተር ጀርባ ነበር። በስክሪኗ ጥግ መጠየቂያው «አለህ?» ብሎ አንድ በር ከፈተ፤ አልዘጋውም።