ከድልድዩ ጀምሮ እየዘፈናችሁ

«ሃያ ሰው ነው የጠየቃችሁት፤ ሠላሳ ትወስዳላችሁ» አለ ሻምበል ሰሎሞን ወንበር እየሳበላቸው። «ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ኦራሉ መኪናችን መንደራችሁ ይደርሳል። ፀሐዩ ሳይበረታ የአንዱ ቤት ጣሪያ ያልቃል።»

ጋሽ ኤርሳዶ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ነሡ። የእድሩ ዳኛ ናቸው። ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በፊት የሦስት አቅመ ደካሞችን ቤት ቆርቆሮ የሚያለብስ ጉልበት ፍለጋ ከገሱባ ሶዶ ወታደራዊ ካምፕ ድረስ ሲመጡ፣ የመንደራቸውን ልጅ ሜላትን ለአማርኛዋ ብለው ነበር ያስከተሏት። እስካሁን ግን የተናገሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

«እግዜር ይስጥህ። በሬ ገዝተናል፤ አንዱ ጎን የእናንተ ነው።»

ሜላት ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ ታያለች። ገና ሳይነጋጋ። በመንደራቸው በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ወታደር ከሆነማ ማንም ምን ሆናችሁ ብሎ አይጠይቅም። ዐምና አንድ ኦራል ጎሕ ሲቀድ ቆሞ ለራዲያተሩ ውሃ ቢለምን፣ ልጇ ሠራዊት ውስጥ ያለ፣ ፈጠነች የምትባል ጎረቤታቸው ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ሴቶቹ በለቅሶ ተቀበሏት፤ እድሩ ድንኳን ተከለ። ልጇ ማታ ደወለ።

የሜላት ወንድም ቶማም ወታደር ነው። እሱ ከፋሲካ ወዲህ አልደወለም። የእናታቸው ቤት ደግሞ ከመንገዱ መግቢያ የመጀመሪያው ነው፤ ሐኪሙ ስለ እናቷ ልብ ያለውን ከሜላት በቀር የሰማ የለም።

«ሻምበል» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ አነሰባት። «ትንሽ ረፈድ አድርጋችሁ ብትመጡስ?»

ጋሽ ኤርሳዶ ዘወር ብለው በወላይትኛ አንድ ነገር አሏት።

«ምን አሉሽ?» አለ ሻምበሉ።

«ዝም በዪ አሉኝ።»

ሻምበሉ ሳቀ። «እንግዲህ አልታዘዝሽም። በይ ንገሪኛ፣ ለምን ይረፍድ?»

የፈጠነችን ነገር ቀስ ብላ ነገረችው። ድንኳኑ ላይ ስትደርስ ጋሽ ኤርሳዶ መታገሥ አቃታቸው።

«ልጁ ደወለ ስንል ለቀስተኛው አልነሣም አለ» አሉ። «ቦሎቄው ገና አልበሰለማ።»

ሻምበሉ በዚህኛው አልሳቀም። «አሁንስ የፈራሽው ለማን ነው?»

«ለአንዲት እናት» አለች። ቀጥላም፣ «ለእናቴ። ወንድሜ ወታደር ነው።»

የወንድሟን ስም ጠየቃት፤ ከነአባቱ ነገረችው። ሻምበሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አሰበ።

«አላውቀውም» አለ።

ሜላት ትንፋሿን ለቀቀች። መርዶ በሚያልፍበት በዚህ ቢሮ አለመታወቅ ደግ ነው።

«መልካም፣ ረፋድ ላይ እንመጣለን» አለ ሻምበሉ። «ግን እህቴ፣ ኦራሉ ረፍዶም ያው ኦራል ነው። ልብሳችንም ያው ነው።»

ይህን አላሰበችበትም። ጋሽ ኤርሳዶን አየች፤ እርሳቸውም አላሰቡበትም።

«እየዘፈናችሁ ኑ» አለች፤ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገረማት። «ከድልድዩ ጀምሮ፣ የጊፋታ ዘፈን። እየዘፈነ መርዶ የሚያረዳ የለም።»

ሻምበሉ ወደ በሩ ሄዶ የኦራሉን ሾፌር ጠራና፣ «አባት፣ ያስተምሩት» አለ።

ጋሽ ኤርሳዶ ሁለተኛ ልመና አልጠበቁም። ኮታቸውን አስተካክለው፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ ዘፈኑን አወጡ። ከወሎ የመጣው ሾፌር አፍሮ እያጎነበሰ ተቀበለ፤ ወላይትኛው አፉ ውስጥ ተሰባበረ።

«ተው፣ ተው፣ በሬው ሰምቶ ይጠፋል» አሉት፤ እንደገናም አስጀመሩት።

ደጅ ድንች የሚልጡት ወታደሮች ቢላቸውን እንደያዙ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁሉም ተቀበሉ። ዜማው ተጣመመ፤ የቀና ቃል ከመካከላቸው ጠፋ።

ሜላት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እናቷ ቅዳሜ በቤታቸው በር ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የሠላሳ ወታደር ዘፈን ስታርም ታየቻት።