የኦፒየሙ መጋዘን መዝገብ

ስጦታ በስደት በምትኖርበት በሄንደርሰን ከተማ ባለው ቢሮዋ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጣ፣ ኦፒየም በተባለው አደንዛዥ ዕፅ ላይ ይጣል የነበረውን ቀረጥ የያዘ የቅኝ ግዛት ዘመን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። መዝገቡ በተጻፈበት የእስያ ወደብ ቀረጡ እስኪከፈል ድረስ ሣጥኖቹም፣ ቆጥሮ የሚመዘግባቸው ጸሐፊም ከመጋዘኑ አይወጡም ነበር።

የዜግነት መሐላዋ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ነው። ሊወስዳት የመጣው ወንድሟ መርሻ ደጅ ካቆመው መኪናው ደወለ።

"ዛሬም የአበሻ ቀጠሮ? ዳኛው እኮ አበሻ አይደለም!"

"አንድ ገጽ ነው የቀረኝ፣ አትነዝንዘኝ።"

በመጨረሻው ገጽ ላይ ጸሐፊው 1871 ብሎ ሰርዞ፣ ከላዩ 1879 ጽፏል። ስጦታ ሳቀች። ጠዋት መግቢያ ፎርሙ ላይ እሷም ዓመተ ምሕረቱን በሀገር ቤት አቆጣጠር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጽፋ ሰርዛለች። ከዚያ የእጅ ጽሑፉን ልብ አለችው። የራሷ ነው።

ከሥሩ፣ "ሣጥን አርባ፣ ጸሐፊ አንድ፤ ቀረጥ አልተከፈለም" ይላል።

ባጇን በሩ ላይ አስነካች። አልተከፈተም።

"መርሻ፣ ግባና በሩን ከውጭ ክፈትልኝ።"

ኮሪደሩን ይዞ ሲመጣ ኮቴው በስልኩ ተሰማት። ቆመ።

"ስጦቴ፣ የቱን በር?" አላት። "እዚህ እኮ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።"