ከሐዲዱ ዳር የተሰጡ አንሶላዎች

ለተብርሃን ካርቱም ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች። ያሰጣቻቸው አንሶላዎች ለሦስተኛ ቀን በጥቀርሻ ጠቁረው ተገኙ።

«ሆን ብለሽ ነው የምታጠቁሪው!» ብላ አሠሪዋ ሐጃ ሱዓድ ጮኸችባት።

«ወላሂ ሐጃ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ነው።»

«የከሰል ባቡር ከቀረ ስንት ዘመኑ! ዛሬ ቆሜ አይሻለሁ። ከጠቆረ ፖሊስ እጠራለሁ።»

ቀትር ላይ ሐዲዱ ባዶ ነበር። ድንገት መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ አንሶላዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ በየተራ እየተነፉ ጠቆሩ። ሐጃ ክንዷን ይዛ አቃሰተች፤ ቆዳው በእንፋሎት ተልጦ ነበር።

«ያላ፣ ወደ ቤት!» ብላ ለተብርሃን ሐጃን ጎተተቻት።

ባዶው ሐዲድ ላይ ሲጥ የሚል የፍሬን ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በስተቀኝ ጫፍ ያለው አንሶላ እንደገና መነፋት ጀመረ።