«ቀጣይ» ሲሉት የማይሄደው ኮምፒውተር

«ይኸው... አሁንም እዚያው ነው! ንቅንቅ አልል አለ እኮ!»

ጡረተኛው መሐንዲስ «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ በንዴት ደግመው ተጫኑት።

ለጥገና የመጣችው ልጅ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሰውዬው የሕይወት ታሪካቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ጽፈው ጨርሰዋል። የሠሩት ድልድይ፣ ያገኙት ሹመት፣ የተጣሉት አለቃ... የሾፌራቸው ቀልድ እንኳ አልቀረም!

ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጅ የላቸውም።

እናም ሆድ ሲብሳቸው እሷ ያለችበትን ገጽ እየፈለጉ ሊያነቡ አሰቡ... ቢያንስ እንዲያ አብረው ያመሻሉ።

«ምን ብለው ነው የፈለጉት ጋሼ?»

«ባለቤቴ ብዬ ነዋ! አንድ ቦታ ያገኛል። ቀጣይ ስለው ተመልሶ እዚያው!»

ልጅቷ የቃል መፈለጊያው ላይ «በተመረጠው ክፍል ብቻ ፈልግ» የሚለው ተመርጦ እንደሆነ አየች... አልተመረጠም።

«ድልድይ» ብላ ሞከረች። ቀጣይ... ቀጣይ... ቀጣይ... ኮምፒውተሩ እንደ ፌንጣ ዘለለ።

«ይሠራል እኮ! ታዲያ እሷ ላይ ሲደርስ ምን ሆነ?»

«ምናልባት... በሌላ አጠራር ጽፈዋቸው ይሆን?»

«ሚስቴ» ብለው ሞከሩ... ምንም።

ስሟን ጻፉ... ምንም።

ልጅቷ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሼ... ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። እሳቸው መጽሐፉ ውስጥ ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌላ የሚሄድበት አጥቶ ነው።»

ሰውዬው ክው አሉ።

መነጽራቸውን አስተካክለው ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር አነበቡ...

«ማታ ስገባ ባለቤቴ ራት አቀረበችልኝ፤ እኔም ስለ ድልድዩ ማሰቤን ቀጠልኩ።»

ልጅቷ «ታዲያ አሁን ይጻፉላቸዋ!» ብላ አዲስ ገጽ ከፈተችላቸው።

እጃቸውን ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ...

«ምን ብዬ ልጻፍ ልጄ? ምን ያስቃት እንደነበር እንኳ አላውቅም እኮ...»

አለቀሱ።

ያንን ልትነግራቸው የምትችለው ደግሞ ሟች ባለቤታቸው ብቻ ነበረች።

ወዳጆቼ... አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ወደው አይደለም። አጠገባችን ያለውን ሰው «እሱንማ አውቀዋለሁ» እያልን አንድም ቀን ሳንጠይቀው እናረጃለን። መልስ መስጠት በሚችልበት ጊዜ ጠይቁት!

እስቲ እናንተ... አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ከልቡ የሚያስቀው ምንድን ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ካላወቃችሁት ግን ኮመንቱ ይቅርና ሄዳችሁ እሱን ጠይቁት።