አይገባዎትም

ቴክኒሻኑ የሚጤስ ክር ይዞ በደብሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ ሥር ወደ ዘረጋው ቀይ ቱቦ አስጠጋ። ቱቦው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አየር እየሳበ ጭስ ሲያገኝ የእሳት ማስጠንቀቂያው መጮህ ነበረበት። እስከ ቀሐ ወንዝ ይሰማል የተባለለት ደወል ግን ዝም አለ። ከቆመበት መሰላል ላይ ሆኖ ቱቦውን ሲዳብስ በየቀዳዳው ላይ ሰም ተለጥፎ አገኘ።

«ማነው የደፈነው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አሉ የብራና መጻሕፍቱ ጠባቂ፣ አዛውንቱ መሪጌታ፣ ደስ ብሏቸው። «አዲስ ዕቃ እንዲያ ተበሳስቶ ባየው አዘንሁ። ቀዳዳ ብራና ስንሰፋ አይደል የኖርነው? ጧፍ አቅልጬ ደፈንሁልህ።»

«የኔታ፣ የሚተነፍሰው እኮ በቀዳዳዎቹ ነው!»

የሽማግሌው ፊት ወዲያው ጠቆረ። ትናንት እዚሁ መሰላል ሥር ቆመው፣ «ልጄ፣ ቀዳዳው ለምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውት ነበር። እሱ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያቸው፣ «ተዉት፣ አይገባዎትም» አላቸው።

አሁን ብርዕ የሚቀርጹባትን ትንሽ ቢላ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ ሰሙን እንዲፍቅባት ወደ ላይ ዘረጉለት።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። «እንዳልኸውም አልገባኝም ነበር።»